በገዛ አንደበቴ ስለ ሰጠሁዎት የመስኮት ሞተር

…እና እርስዎ «ኧረ በፍጹም፣ የራስህን አስቀድም» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መካኒካችን ሽባባው መፍቻውን ይዞ ከመኪናዬ በር ሥር ተንበርክኮ ነበር።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርሁ። ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ከመሐል ነው የሚጀምረው።

ለተከበሩ አቶ ፀጋው፣ በዳንግላ የተሽከርካሪ ምርመራ ማዕከል ኃላፊ፣ የእንጅባራ ጎረቤቴ፤

ይህ የሐምሌ ዝናብ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ብርዱም ደረትዎን ሳይደፍር ደብዳቤዬ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የመኪናዎን ጤና አልጠይቅም፤ በየማለዳው ደጄ ላይ አየዋለሁ። ጽሑፉን በማዕከልዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ሌላ ክፋት አስቤ ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ከተገናኘን «ምንም አይደል» ማለቴ ስለማይቀር ነው።

አንደኛ፦ መኪኖቻችን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የሁለቱም የቀኝ ፊት መስኮት በአንድ ሰሞን እምቢ አለ። ሽባባው የሁለቱንም በር ከፍቶ አየና ፍርዱን ሰጠ። የእኔ በበሩ ማጠፊያ ላይ የተቆረጠች አንዲት ሽቦ ነበረች፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ። የእርስዎ ሞተሩ ተቃጥሏል። ያን ጊዜ ተነፈሱ። ነገ መንገድ እንዳለብዎት ለማንም ሳይሆን ለጣሪያው ነገሩት። እኔም «እንግዲያው የእኔን ሞተር ይውሰዱት፣ እኔ አልቸኩልም» አልሁ። እንዲህ ሲባል ምን እንደሚመለስ አገር ያውቃል፤ ሰው እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ደግሞ እምቢ ይላል፣ ሁሉም በክብር ወደ ቤቱ ይገባል። እርስዎ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ለእኔ ከባሕር ዳር ይመጣል የተባለው ሞተር ሰባት ሳምንት ሆነው፤ አልመጣም።

ሁለተኛ፦ መስኮቴ ግማሽ ላይ ቆመ፤ ላስቲክ ለጠፍሁበት። ለቦሎ ምርመራ ስቀርብ ላስቲኩን በሁለት ጣትዎ ገለጥ አድርገው አዩና፣ «የቀኝ መስኮት አይዘጋም» ብለው ባማረ እጅ ጽሑፍዎ ጽፈው መኪናዬን ጣሏት። «ሕግ ነው፣ ምህረቴ» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ለመንገድ ደኅንነት ያለዎትን ጥንቃቄ በዚያች ሰዓት እንደ እኔ በቅርብ ያየ የለም።

ሦስተኛው ባለቤቴ ናት።

ስሜነሽ ዳንግላ ትሠራለች፤ እኔም። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ከቆመች በኋላ አንድ ጠዋት በዝናብ ደጃችን ላይ ቆመው «ግቡ እንጂ፣ ሁላችንም ዳንግላ አይደል?» አሉ። እኔ «አይ፣ ሚኒባስ አለ» አልሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሁት። እርስዎም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ስሜነሽ ገባች።

ማታ ለምን ብቻዋን እንደ ሄደች ስጠይቃት «እምቢ ስትል እምቢ ያልህ መስሎኝ» አለችኝ። ቀጥላም «ጋሼ ፀጋው ደስ ይላሉ፤ የሚፈልጉትን ነው የሚናገሩት» አለች። ይህ ሰኞ ነበር። ሐሙስ ዕለት «ፀጋው እንዲህ አለኝ» ስትል ሰማሁ። በአራት ቀን ውስጥ ጋሼነትዎ የት እንደ ወደቀ ላስታውስ ብሞክር አልሆነልኝም፤ መንገድ ላይ ይሆናል።

አራተኛ የለኝም። ወይም አለኝ። ዓርብ ዕለት አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር፣ ጉልበቴ ላይ የሰው የከሰል ጆንያ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በመኪናዎ ቀድመውን አለፉ። የቀኝ መስኮቱ አራት ጣት ያህል ወረደ። የስሜነሽ እጅ ወጣ፤ ለእኔ ይሁን ለዝናቡ አላወቅሁም። ከዚያ ተዘጋ፤ ያለ አንዳች እንከን። በማን እንደ ቀናሁ ራሴን ጠየቅሁ። በሞተሩ ነው አልሁ። በሞተሩ ይሁን።

ስለዚህ ሞተሩን እንዲመልሱልኝ አልለምንም። ለቦሎውም አልለምንም። የምለምነው አንድ ነው፤ ነገ ደጄ ላይ ሲቆሙ እባክዎ ሁለት ጊዜ ይጠይቁኝ።

ተራውን፣ ዕቃውንና ወንበሩን ለመልቀቅ ዘወትር የተዘጋጀሁ፣ ውለታዎን ቆሜም ተቀምጬም የማልረሳ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ምህረቴ አዝመራው
እንጅባራ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ስሕተት እንድታርምልኝ ለስሜነሽ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችና አጠፈችው። «ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ የጻፍኸው?» አለችኝ። ወዲያው የመኪናዎ ክላክስ ተሰማ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ዳንግላ ሥራ የለም። ጃንጥላዋን አንሥታ ቆመች፤ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። እኔም «ሂጂ እንጂ፣ እኔን አታስቢ» አልኋት።

በሩ ተዘጋ።