እትዬ ወለቱን ያሳቀው አወዳደቅ

ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም፣ መሐል ሜዳ

ዛሬ መሐል ሜዳን በሳቅ ገደልኩት። እሺ፣ ያሳቅኩት እትዬ ወለቱን ብቻ ነው። ግን ልጃቸው አርበኛ ሆኖ ዱር ከገባ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየ ጎረቤት የለም። በማታ ትምህርት መጻፍ የተማርኩት ለዚህች ቀን ነው መሰለኝ፤ ልጻፋት።

ባለፈው ቅዳሜ ጣሊያን ገበያው ላይ አቡጀዲ ወጥሮ ሲኒማ አሳየን። ጠባብ ኮት የለበሰ ሰውዬ ይሮጣል፣ ይወድቃል። እኛም በወደቀ ቁጥር "እኔን" እንላለን። የሳቀ አልነበረም። አስተርጓሚው ተናደደ።

"ሥራው እኮ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በመውደቅ ነው የከበረው፤ አገር ሁሉ ይስቅለታል" አለን።

እንዲህ ያለውን ሥራ ማን ለእኔ በሰጠኝ አልኩ።

ዛሬ የምደርበውን የሱፍ ባናዬን እንደ ኮት ጠበቅ አድርጌ እትዬ ወለቱ ደጅ ላይ እንደ ሰውዬው ወደቅኩ።

"እኔን ይድፋኝ ልጄን" ብለው ከመደቡ ተነሡ።

ደግሜ ወደቅኩ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁና ደነገጥኩ።

"እትዬ፣ ሰውዬው እኮ አይጎዳም። እናቱ አጠገቡ ቆማ 'ተነሥ፣ አንተ ቀልማዳ' እያለች ትስቅበታለች" አልኳቸው።

"እናቱ እያየችው?"

"እያየችው።"

መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። "እንግዲያስ እስቲ ድገመው" አሉኝ።

ስወድቅ፣ "ተነሥ፣ አንተ ቀልማዳ" ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አወዳደቄ ከሰውዬው አይተናነስም፤ ይህን እግዜር ያውቃል። እናቱን ግን የጨመርኳት እኔ ነኝ። አቡጀዲው ላይ እናት አልነበረችም።