ሥራቸውን ያላስነጠቁት የፔክቲን ተመራማሪ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከመካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥር 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ወንድሞች ጋር ያደጉ ብቸኛ ሴት ልጅ ነበሩ። አጎታቸው «ለሴት ልጅ ኬሚስትሪ ምን ይሠራላታል?» ቢሉ «ለወንድ የሚሠራውን» ብለው የመለሱት በዘመድ መካከል እስከ ዛሬ ያስቃል።

ይህን ስጽፍ «ዝምተኛ ነበሩ በይ» ተብዬ ነበር። አልልም። ዝምተኛ አልነበሩም።

በ1964 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው በምግብ ምርምር ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የቤተ ሙከራውን ኃላፊ አግብተው ወንድሜንና እኔን ወለዱ። ሥራቸው በፔክቲን ላይ ነበር፤ ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ፣ ማርማላታን የሚያረጋ ነገር ነው። ረጃጅም ሰንሰለቶቹ በውሃ ውስጥ ተበትነው ሳሉ ፈሳሹን ያወፍሩታል፤ እርስ በርስ ሲያያዙ ደግሞ ውሃውን አቅፈው ይረጋሉ። እናታችን ያለ ስኳር፣ በጥቂት ካልሲየም የሚረጋውን ዓይነት መረጡ። ካልሲየሙ ሲያንስ አይረጋም፣ ሲበዛ ውሃውን ይተፋል። ልኩን ለማግኘት እኔን በጀርባቸው አዝለው ዓመታት ለኩ።

በ1973 ዓ.ም. ጥናቱ በአባታችን ስም ብቻ ታተመ። መጨረሻው ላይ «ለባለቤቴ ስለ ትዕግሥቷ ምስጋና ይድረሳት» ይላል። እናታችን አነበቡና «ይሄንንም ተሳስተሃል፤ ትዕግሥት የለኝም» ብለው ሁለታችንን ይዘው ወጡ። «ገመናሽን አደባባይ አታውጪ» ላሏቸው ዘመዶችም «ያወጣው እሱ ነው፤ ያውም አሳትሞ!» አሏቸው።

ቀን እያስተማሩ፣ ማታ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ጥግ ለምነው ባገኙት ጠረጴዛ ልኬቱን ሁሉ እንደገና ሠሩት። በ1979 ዓ.ም. በገዛ ስማቸው አሳተሙት።

በ1998 ዓ.ም. አባታችን በስትሮክ ወደቁ። ውሃ እንኳ ትን እያላቸው ወደ ሳንባቸው ይገባ ነበር። እናታችን ሐኪሙን አማክረው፣ በጉሮሮ ቀስ ብሎ የሚወርድ ለስላሳ ጭማቂ በፔክቲን አርግተው በፔርሙዝ ይዘው መጡ። አባታችን በተኮላተፈ አንደበት «ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?» ሲሉ «አይደለም። ዋጥ» አሏቸው። እስኪያርፉ ድረስ በየቀኑ እየመጡ በማንኪያ አጎረሷቸው።

በአባታችን ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ባልደረባቸው ያን ጥናት ሲጠራ፣ እናታችን ከፊት ወንበር ተነሥተው «እሱ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያም ተቀምጠው ምርር ብለው አለቀሱ። ሰው ተንጫጫ። እኔ ግን ያን ቀን እንደኮራሁባቸው በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። አንድ ወንድማቸውም በሕይወት አሉ።

አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። ማረፉን እምቢ ካሉም የሚሠሩት አይንሳቸው።