ራስ ክምር በጀውሃ ግጦሽ

መስከረም 24፣ ዓርብ
ከጀውሃ ወንዝ በላይ ያለው የጋራ ግጦሽ ተሸንሽኖ ለማሾ ሊታረስ ነው፤ የመንደሩ ስብሰባ በጥቅምት ይወስናል።
ጠዋት ሸዋሮቢት ገበያ ሽንኩርት ገዛሁ። ሙቀት። ከሰዓት ግጦሹን ላየው ወጣሁ። ሳሩ ውስጥ ከወገቤ በላይ የቆመ አበባ... በአንድ ዘንግ ላይ እሾሃማ ኳሶች ተራ በተራ ተሰክተዋል፤ ከየኳሱ ዙሪያ ብርቱካንማ አበባ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አሰበው?
አንዱን ስቀጥፍ ሳልህ ደረሰ። መሬቱ ይታረስ ብሎ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።
«ጋሼ ወንድሙ፣ ለአረም ነው እንዲህ የሚያጎነብሱት?»
«ስሙ ማን ይባላል?»
«የአረም ስም ማን ይጠይቃል!»

መስከረም 26፣ እሑድ
ፎቶውን ለሊድያ ላክሁ። የወንድሜ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ታስተምራለች። ደወለች።
«አጎቴ፣ ዘንጉን በጣትዎ ያሽከርክሩት።»
አልሽከረከር አለ። አራት ማዕዘን ነው! ለዓመታት ዜና ስጽፍ ኖሬ፣ የአበባ ዘንግ ግን ዳስሼ አላውቅም።
«ራስ ክምር ነው» አለች። ደብረ ሲና በኩል ደጋው ላይ የሚበቅለው ዘመዱ ነው፤ ይሄ የቆላው ነው። «ለምን እንደሚጠቅም የአገሩን ሰው ይጠይቁ። እንዳይቀምሱት ብቻ።»
የአበባውን ማር መጥጬ ነበር... አልነገርኳትም።

መስከረም 29፣ ረቡዕ
እትዬ ሐቢባ የሳልህ ታላቅ እህት ናቸው። ቀፏቸው ግጦሹ ዳር ነው፤ የሚኖሩት በማሩ ነው። የሰሙትን ሳይሆን ራሳቸው ያደረጉትን ብቻ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።
«ቅጠሉን አድቅቄ የከብት ቁስል ላይ አድርጌያለሁ። ደረቁን ራስ አጭሼ አዲስ ቀፎ አጥንበታለሁ። ንቧ የምትቀስመው እሱን አይደል? ሽታውን ስታውቀው ትገባለች።»
ባዶ ቀፎ አጥነው ግራር ላይ አሰቀሉ። የሰቀለው ሳልህ ነው፣ እያጉረመረመ።
«ለንብ ቤት ታጥናለች፤ ወንድሟን ግን ምሳ በላህ ወይ አትልም!»
«አንተማ ሳትታጠንም ትገባለህ!»
ተሳሳቁ። ከዚያ እትዬ ሐቢባ ወደ ግጦሹ አመለከቱ።
«ይሄ ከታረሰ ንቤ ትሄዳለች፣ ሳልህ።»
«እኔስ? ልጆቼን በምን ላሳድግ? ማሾ ይሸጣል።»
ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ
ንቧ ገባች! ግራሩ ሥር ቆሜ ሳዳምጥ ዋልኩ ማለት ይቻላል። እትዬ ሐቢባ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሳልህ ግን አልሄደም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ
ሳልህን እትዬ ሐቢባ ደጅ አገኘሁት። ሸንበቆ ሰንጥቆ ቀፎ እየሠራ ነው።
«ጋሼ... መሃሉን አርሰን ዳር ዳሩን ለራስ ክምሩ ብንተወውስ?»
አረም አላለውም።
«እሱን ለስብሰባው ንገር» አልኩት።
«ይታረስ ብዬ የጮህኩት እኔ! ይስቁብኛል እኮ።»
«ይሳቁብሃ» አሉ እትዬ ሐቢባ ከውስጥ፣ «ሣቅ ንብ አያባርርም።»
አንገቱን ደፍቶ ሸንበቆውን መሰንጠቅ ቀጠለ። ይናገር እንደሆነ አልነገረንም። ስብሰባው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ዋርካው ሥር።