በደሜ ውስጥ የተገኘው እርሳስ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለጸደንያ፣

የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ለቡ ደህና ነን፤ እናትሽ ተሾመች ስምሽን ሳትጠራ አትውልም።

ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለውን የመኪና ባትሪ መጠገኛዬን ዘጋሁት። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ፣ «አባባ፣ ለዓመታት ሲያቀልጡት የኖሩት እርሳስ ሰውነትዎ ውስጥ ገብቷል። በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ልብን ይጎዳል» አለኝ። እናትሽ ይህን ስትሰማ፣ «ድሮም ከባድ ሰው ነው እል ነበር!» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ግን ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

አታስቢ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ጨውም ቀንሻለሁ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆም እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም እላለሁ። ማሞ በስተርጅና ጨዋታ ወዳድ ሆነ እያሉኝ ነው።

ራጉኤል ሽማግሌ የሚልከው ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሽኝ ነበር። ልጁን ወድጄዋለሁ። ግን ከዐቢይ ጾም በፊት ቢልክ ምን ይመስልሻል? ስለ ድግሱ አትጨነቂ፣ ያለችንን እናቀርባለን። ብቻ ሽማግሌዎቹ «ልጃችንን ሰጥተናችኋል» የሚለውን ቃል ከእኔው አፍ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

እናትሽ ሁለቱንም ጉንጮችሽን ስማሻለች፣ እኔ ደግሞ ግንባርሽን። ሰላምሽ ይብዛልኝ።

አባትሽ ማሞ