የጌም ሳጥኑና የክፍሌ በር

ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ትሙት የዛሬውን እንኳ እመነኝ! እንደምን ከርመሃል? ስደውል አላነሳ ስትለኝ ነው ወደናንተ የሚመጣ የሚኒባስ ሹፌር ለምኜ ይሄን ደብዳቤ ዛሬውኑ እንዲያደርስልህ የላክሁት። ባለፈው ስለ እንጀራ አባታችን የጻፍኩልህን «ሰውዬው ሲቀልድ ነው» ብለህ ተውከው።

አሁን ደግሞ የጌም ሳጥን እየሰራ ነው፣ ሳንቲም ከተው ቆመው የሚጫወቱበትን። የሳሎኑን ቲቪ ልክክ አርጎ ገጠመበት፣ ፀጉር አያስገባም፣ እጁስ አይታማም። ለጎኑ ጣውላ ሲያንሰው ግን የኔን ክፍል በር ነቅሎ ቆረጠው! መቀርቀሪያዬም ሳጥኑ ላይ ተገጥማ አሁን የሱን ሳንቲም ትጠብቃለች። «መጋረጃ ይበቃሻል፣ ከማን ልትደበቂ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እማዬም «አንቺ ደግሞ አታካብጂ» አለችኝ። ቁምሳጥኑን ገፍቼ የበሩን ክፍተት ብጋርደው እሱ መልሶ ቦታው አደረገው።

እማዬ ዛሬ የማታ ተረኛ ናት፣ ቤት የምንቀረው እኔና እሱ ነን። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ደህና ሁንልኝ፣ ብቻ በሞቴ፣ ሳይመሽ ደውልልኝ።

እህትህ