ሮሚና እሑድ ሜዳ ሳትገባ የተነገረ ቃል

ለሎስ ታማሪስኮስ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለከንቲባውም ጭምር፣ የሚከተለው በታላቅ ሐዘን ይገለጻል። የጎረቤቴ የዶን ኤቫሪስቶ ያካንቴ አውራ ዶሮ፣ ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓት እየጮኸ ሰፈሩን ለዓመታት ሲያውክ የኖረው፣ ከትናንት ጀምሮ ድምፁ ተዘግቷል። መንስኤው በመጣራት ላይ ነው። እኔ የአልጋ ቁራኛ ስለሆንኩ ከተጠርጣሪነት ነጻ ነኝ።

ይህ ከተገለጸ ዘንድ ወደ ቀረው ጉዳይ እንለፍ።

እኔ አንሴልሞ ባይጎሪያ፣ መካኒክ፣ ዛሬ ሐሙስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2024 በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ እግሬም ተከትሎታል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው አለ። ያስገደደኝ የለም። ሐኪሙ ስንት ቀን እንደቀረኝ ሲጠየቅ ቀና ብሎ ጣሪያውን ስላየ፣ ጣሪያውን የማሳደስ ሐሳቤን ትቻለሁ። የምናገረውን የሚጽፉት ውል አዋዋይዋ ዶኛ ግራሲያና ናቸው። ምስክሮቼ ከላይ የተጠቀሰው ባለዶሮ ኤቫሪስቶ እና መርፌ የምትወጋኝ ጎረቤቴ ዶኛ ራሞና ቴዮ ናቸው። ልጄ ኔሊዳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላለች። የልጄ የዳሪዮ ልጅ ሮሚና እግርጌዬ ተቀምጣለች። ያሳደግናት እኔና ሟች ባለቤቴ ኤርሲሊያ ነን፤ አባቷን ስላላወቀችው እኔን አባባ ትለኛለች።

አንደኛ። ቤቱን ከነወይን ሐረጉ፣ ጋራዡንም ጭምር ለኔሊዳ ሰጥቻለሁ። ወንድሟ ዳሪዮ ከሞተ ወዲህ ጋራዡን ረግጣ አታውቅም፤ ብትሸጠው ቅር አይለኝም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ዳሪዮ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳው ላይ ሲሞት ፍሬኑን የሠራሁለት እኔ ነበርኩ፤ «በደንብ አላጠበቅኩትም» ብዬም በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ያን ዕለት ኔሊዳ እጆቼን አየችና «ወይን ጠጅ የለመደ እጅ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሰላምታ ነው። አልፈርድባትም።

ሁለተኛ። የመጫወቻ ካርታዬን ለኤቫሪስቶ አውርሻለሁ። ካርታው ጎደሎ ነው፤ የጎደለው ከራሱ እጅጌ ውስጥ ይገኛል።

ዶኛ ግራሲያና ብዕራቸውን አንስተው «ዶን አንሴልሞ፣ ምስክር ወራሽ መሆን አይችልም» አሉኝ።

«እንግዲያው ምንም አልሰጠሁትም። የሰረቀውን ብቻ ይያዝ።»

«ስትሞትም አታርፍ» አለ ኤቫሪስቶ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ፤ ተጽፏል።

ሦስተኛ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። የቃል ዕዳ አለብኝ፤ እሱን በአምስተኛው ላይ እከፍላለሁ።

አራተኛ። መፍቻዎቼን በሙሉ፣ ክሪኩን፣ የጎማ መለኪያዬንና አዲሱን የራስ መከላከያ ቆብ ለሮሚና ሰጥቻለሁ። ቆቡን የዛሬ ወር ስገዛ ሻጩ «ለማን ነው?» ቢለኝ «ለእኔ፣ ሰማይ ቤት ትራፊክ ይበዛል ብለውኛል» ብዬዋለሁ።

የመጪው እሑድ ነገር እንዲህ ነው። ሜዳው ለማንኛውም ባለመኪና ይከፈታል፤ ውድድር የለም፣ አሸናፊ የለም፤ እያንዳንዱ በገዛ መኪናው እስኪበቃው ይዞራል። ሮሚና በመስኖ መሥሪያ ቤት ደመወዟ የገዛቻትን ትንሽ ሰማያዊ መኪና ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ትገባለች። አክስቷ ለምናለች፣ አልቅሳለች፣ ተቆጥታለች። እኔ አልከለክልም። የከለከልኳት ቀን ደብቃ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ አባቷም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ተዘጋጅታ ትሂድ።

የፍሬኑን ዘይት ነገ ቀይሪው። ያረጀ ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ ሜዳ ላይ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር እንደ ትራስ ይለሰልሳል። የፍሬኑ ሸራ ከግማሽ በታች ከሆነ ተስፋ አታድርጊበት፣ ቀይሪው። ጎማው ሲሞቅ ራሱን ስለሚነፋ ጠዋት ትንሽ አጉድለሽ ግቢ። መጀመሪያ ዞረሽ ስትወጪ፣ ከበረደ በኋላ የጎማዎቹን ቡሎን በሙሉ እንደገና አጥብቂ። የመጨረሻው ዙር ቀስ ያለ ይሁን፤ ብረቱ ይተንፍስ። ስታቆሚ የእጅ ፍሬን አትሳቢ፤ የጋለ ፍሬን ይጣበቃል፤ ማርሽ ውስጥ ተዪያት። ከኋላሽ የሚፈጥን ቢመጣ አሳልፊው፤ እሑድ ዕለት የሚበልጡሽ ሰዎች ሰኞ ስምሽን አያስታውሱትም። ዞንዳ ከነፈሰ ደግሞ ጭራሽ አትግቢ። ያ ነፋስ አሸዋውን ኩርባው ላይ ያፈሰዋል፤ አሸዋ ላይ ደግሞ እኔ የሠራሁት ፍሬንም አይረዳሽም።

ከሁሉም በላይ መኪናዋን ባዶ አድርጊ። ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ምንጣፉ፣ ዣንጥላው፣ የወደቀ ብዕር ቢሆን ሁሉም ይውጣ።

እዚህ ላይ ሮሚና አቋረጠችኝ። «አባባ፣ አባቴን የገደለው ፍሬን ነው ትላለህ። መኪናዬን ልታይልኝ በወንበር ተሸክመው ሲያወጡህ ግን ፍሬኑን አንዴ አይተህ ወለሉን አራት ጊዜ ታያለህ። ለምንድን ነው?»

ልጅቷ ዓይን አላት። ከእኔ የወረሰችው ነው፤ በንብረት ዝርዝር ውስጥ ይግባልኝ።

አምስተኛ። ዛሬ ጠዋት ኤቫሪስቶን ወደ ሰማያዊዋ መኪና ልኬው ነበር። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ፣ ውሃ የሞላ የብርጭቆ ጠርሙስ አግኝቷል።

ኔሊዳ ከበሩ ላይ ሆና «ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለዲፉንታ ኮሬያ ነው፤ እሑድ በሰላም ስትመለስ እንድታደርስላት። እሱም ሊያናድድህ ነው?» አለች።

በዚህ አገር መሪ የጨበጠ ሁሉ በበረሃ ላይ በጥም ለሞተችው ለእሷ ውሃ ይወስዳል፤ መንገድ ዳር ያሉት ትናንሽ ጸሎት ቤቶቿ ዙሪያቸውን በጠርሙስ ታጥረዋል። እኔም ወስጃለሁ። በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። በጠርሙሱ ላይ ነው ያለኝ።

ስለዚህ ይጻፍ። ዳሪዮ የሄደ ዕለት እናቱ ኤርሲሊያ ሳትነግረው ልክ እንደዚህ ያለ ጠርሙስ ከወንበሩ ኋላ አኑራለት ነበር፤ በሰላም ሲመለስ ያድርስላት ብላ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ፣ ኩርባው ላይ፣ ዳሪዮ ፍሬን ያዘ። ጠርሙሱ ከወንበሩ ሥር ተንከባሎ መጣና ፔዳሉ ሥር ገባ። ሁለተኛ ሊረግጥ ሲል ፔዳሉ አልወርድ አለ። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሞቷል። ጠርሙሱ አልተሰበረም። አወጣሁትና ቱታዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሰዎች ሲደርሱ «ፍሬኑ ነው፣ በደንብ አላጠበቅኩትም» አልኩ። ፍሬኑ ደህና ነበር። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ፍሬኖች ሁሉ የተሻለው ነበር።

ኤርሲሊያ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ምንም ሳታውቅ ነው ያረፈችው፤ ይህ ይበቃኛል። እሷን ላለማሳዘን ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ዝም ብል እሑድ ሌላ ልጅ ልቀብር ነው፤ ያውም ሬሳ ሆኜ።

ኔሊዳ «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ... እኔ አንተን...» አለች።

«አዎ። አንቺ እኔን።»

«ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

«ላንቺ ብነግርሽ እናትሽ ፊትሽ ላይ ታነበው ነበር። አንቺ ምስጢር ስትይዢ አፍንጫሽ ይቀላል።»

ዶኛ ራሞና «ትንሽ ይረፉ፣ ዶን አንሴልሞ» አለችኝ። ለማረፍ ሰፊ ጊዜ እንዳለኝ ነገርኳት። ኔሊዳ ወጣች። የመኪናዋ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሁላችንም ሰማን። ጠርሙሱን አቅፋ ተመለሰችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጄን ያዘች። አገላብጣ አየችው።

ስድስተኛ። ውሃው አይደፋ። እሑድ ማለዳ ኔሊዳ በራሷ መኪና ወስዳ መንገድ ዳር ላለችው እመቤት ታኑርላት። ከዚያ ሜዳው ድረስ ሄዳ ከአጥሩ ወዲያ ትቁም። ዓይኗን መጨፈን ተፈቅዶላታል። መሄድ ግን አለባት፤ ሮሚና ከመኪናዋ ስትወርድ የምታየው ሰው ያስፈልጋታል፣ እኔ እዚያ አልኖርም።

ሰባተኛ። ሣጥኔ ርካሹ ይሁን። ቀብሬ ላይ ንግግር የሚያደርግ ሰው አይኑር፤ ኤቫሪስቶ ከጀመረ ዶሮውን አስታውሱት።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነቦልኛል። ኤቫሪስቶ ያካንቴ እና ራሞና ቴዮ ሰምተው፣ አይተው፣ ስማቸውን ከታች አኑረዋል። ዶኛ ግራሲያና ወረቀቱን አቀረቡልኝና «እንግዲህ ያሉት ሁሉ እውነት ከሆነ ይፈርሙ» አሉ።

አንድ መስመር ስትቀር እውነት ነው። እሷም ትጻፍ፣ ከዚያ እፈርማለሁ። ኤርሲሊያ ምንም ሳታውቅ አረፈች ያልኩት ከራሴ የፈጠርኩት ነው። ጠርሙሱን ቱታዬ ውስጥ ስከት ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ውሃ በጠርሙስ ቀርቦ አያውቅም፤ እሷ በማንቆርቆሪያ ትቀዳለች፣ እኔ እጠጣለሁ። እሷ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሰው ሁሉ እኔን ሲወቅስ አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር፤ ማታ ማታ ግን እጆቼን በዘይት ታሽልኝ ነበር። ሮሚና፣ በዕለቱ የሆነውን ሁሉ እሑድ ማታ ለአክስትሽ ንገሪያት። ምንም ያልሆነ እንደሆነም፣ ምንም እንዳልሆነ ንገሪያት።

አንሴልሞ ባይጎሪያ