የጋሽ ወልዴ ከረባት

ዋጫ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

አምና ናዳው ቤቴንና እንሰቴን ሲወስድብኝ፣ ነጋዴው ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ አንድ ማዳበሪያ አሮጌ ልብስ ላኩልኝ። ከረባት ሳይቀር ነበረበት። ልጆቼ የሚቀምሱት አጥተው ሳለ፣ እሳቸው እሁድ ጸሎት ቤት ሰው ሁሉ ፊት አስቁመው እንዳመሰግናቸው አደረጉኝ። አልረሳሁትም።

ትናንት ንፋሱ የእሳቸውን ጣሪያ ገነጠለው። ዛሬ ጠዋት ቆጮ፣ ሸራና ገመድ ይዤ ሄድኩ። ለጽድቅ አልነበረም። ሚስታቸው እትዬ አስቴር ቆጮውን ሲቀበሉኝ አለቀሱ። እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሸራውን ወጠርኩ። ገመድ ተርፎኝ ነበር። የመጨረሻውን ጥግ ግን፣ ልክ ከአልጋቸው በላይ፣ ከጣሪያው እንጨት ጋር በዚያ ከረባት አሰርኩት።

ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው አዩት። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«ምንም አይደል» አልኳቸው።

አጥብቄ ነው ያሰርኩት። ክረምቱ እስኪወጣ አይፈታም።